ፊደል ቆጣሪዋና የወንድሟ ሚስት

ቤተሰቡ «ፊደል ቆጣሪዋ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት አጎቷ ናቸው። አንድ ቀን «ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቋት፣ ከታመመ ሰው አፍንጫ በተወሰደ ናሙና ውስጥ ያለውን የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ዘረመል አንብባ ከሌሎች ጋር እንደምታነጻጽር ነገረቻቸው። ዘረመሉ ስምንት ቦታ የተቆራረጠ፣ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ መሆኑንም አስረዳች። አጎት አዳመጡ፣ አዳመጡና፣ «እኛ በልጅነታችን ቆጥረን የጨረስነውን ፊደል አንቺ ፀጉርሽ ሸብቶም ትቆጥሪያለሽ? ያውም አራቷን!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ሥራዋን ትወዳለች። ቫይረሱ ራሱን ሲገለብጥ እንደቸኮለ ጸሐፊ ይሳሳታል፤ እዚህ አንዲት ፊደል ይለውጣል፣ እዚያ አንዲት። ስህተቱ ከሰው ወደ ሰው አብሮ ይጓዛል። ስለዚህ ስህተቶቹን ተከትሎ የሄደ ሰው፣ የትኛው ቫይረስ ከየትኛው ጋር እንደሚዛመድ ይደርስበታል። ማቀዝቀዣዎቹ ቀኑን ሙሉ በሚያጉረመርሙበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ አይታቸው የማታውቃቸውን ሰዎች ሕመም ዘመድ ከዘመድ ስታገናኝ ትውላለች።

እናቷ የሚኖሩት ከታናሽ ወንድሟ ጋር ነበር። ልባቸው ከድሮ ጀምሮ ደካማ ነበር። የወንድሟ ሚስት አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ሻጭ ናት፤ በመስኮቷ የማያልፍ ሰው የለም። በዚያ የብርድ ወቅት ትኬት ሻጯ እያሳላት ከሥራ ገባች። ብዙም ሳይቆይ እናትየው ተኙ። እሷው ራሷ ደግፋ ሆስፒታል ወሰደቻቸው፤ እዚያም ለሁለቱም ናሙና ተወሰደ። የሁለቱም ኢንፍሉዌንዛ ነው ተባለ፣ ዓይነቱም አንድ። እሷ ተሻላት። እናት ግን አልተመለሱም።

ለቅሶ ቤት አክስት፣ የሟች እህት፣ ጥግ ይዘው «በሽታውን ከጣቢያ ለቅማ አምጥታ ለእህቴ አስታቀፈቻት» አሉ። አንዱ ለሌላው ነገረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ትኬት ሻጯ የሰማችው ከሁሉም በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘመድ በተሰበሰበበት አልታይ አለች። ባሏም በሚስቱና በአክስቱ መሃል ሆኖ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ።

ፊደል ቆጣሪዋም ዝም ብላ ነበር። ሁለቱ ናሙናዎች እሷ በምትሠራበት ላቦራቶሪ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳሉ ታውቃለች። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላል፤ ሥሩ እጇ ላይ ነው። አንድ ጠዋት ለላቦራቶሪው ኃላፊ ነገሩን ነግራ ሁለቱ እንዲነጻጸሩ ጠየቀቻቸው።

«እኛ የምናነበው የናሙና ቁጥር እንጂ ሰው አይደለም» አሉ ኃላፊው ዝግ ባለ ድምፅ። «ግን ሴትየዋ ከፈቀደች፣ ስለ እናትሽም ወንድምሽ ከፈቀደ፣ ይነበባል። ማሽኑ ላይ ሌላ ሰው ይሥራው። ውጤቱን አብረን እናያለን።»

ወንድሟ ወዲያው ተስማማ። ሚስቱን ያገኘቻት ጣቢያው ጀርባ፣ ሠራተኞች አረፍ በሚሉበት ክፍል ነው። ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረቻት።

«የኔ ቢሆንስ?» አለች ትኬት ሻጯ።

«ያኔም እነግርሻለሁ።»

«የምትነግሪው ለእኔ ነው ወይስ ለአክስትሽ?»

«መጀመሪያ ላንቺ።»

«እታለም፣ እኔ እኮ ግንባራቸውን ሳብስ ትኩሳት ያንቀጠቅጠኝ ነበር። አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ነው የቀረብኳቸው። እኔ ባልቀርብ ማን ይቅረብ?» አለች ትኬት ሻጯ። ቀጥላም፣ «ይሁን፣ እዩት። እየተጠረጠሩ ከመኖር አውቆ መኖር ይሻላል» አለች።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ፊደል ቆጣሪዋ ከኃላፊው ጎን ቆማ ሁለቱን ጽሑፎች አስተያየች። በአንድ ቤት ውስጥ ከሰው ወደ ሰው ያለፈ ቫይረስ ቢለወጥ አንድ ሁለት ፊደል ነው። እነዚህ ግን በብዙ ቦታ ይለያያሉ። ዓይነታቸው አንድ ቢሆንም ከተለያዩ በጣም የቆዩ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። የእናቷን ቫይረስ የሚቀርቡት፣ ከከተማው አራት ማዕዘን የመጡ የማይተዋወቁ ሰዎች ቫይረሶች ሆነው ተገኙ። እናት ከመታመማቸው በፊት በነበረው ሳምንት ለልባቸው ክትትል ሄደዋል፣ ጎረቤት ጠይቀዋል፣ ገበያ ወጥተዋል። ከማን እንደያዛቸው የሚናገር ፊደል የለም።

በማግስቱ እዚያው ጣቢያ ሄዳ ለትኬት ሻጯ ስትነግራት ደስ ይላታል ብላ ጠብቃ ነበር። እሷ ግን ሌላ ነገር ጠየቀች።

«እና የኔ ቢሆን ኖሮ ጥፋተኛ ነበርኩ ማለት ነው?»

ፊደል ቆጣሪዋ ይህን ጥያቄ አላሰበችውም ነበር። «አልነበርሽም» አለች። «ይህን ግን ውጤቱን ሳልጠብቅ መናገር ነበረብኝ።»

«ነበረብሽ» አለች ትኬት ሻጯ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም። ተነሥታ ወደ መስኮቷ ተመለሰች።

አክስትን ማሳመኑ ሌላ ሥራ ሆነ።

«ታዲያ ማን ነው?» አሉ።

«አይታወቅም፣ አክስቴ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ፊደል ቆጥረሽ መጨረሻሽ 'አይታወቅም' ነው?»

«እሷ እንዳልሆነች ግን ይታወቃል። ብትሆን ኖሮም አስታማ እንጂ በድላ አይደለም።»

አክስት ሻርፓቸውን አስተካከሉና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ ያንን ወሬ ግን ዳግመኛ አላነሡም። ትኬት ሻጯም ወደ ዘመድ ቤት መምጣት ጀመረች፤ መጀመሪያ ልጆቿን እየላከች፣ በኋላ ራሷ፣ ቶሎ ለመሄድ እየቸኮለች። የተሰበረ ልብ በአንድ ወረቀት አይጠገንም።

በተከታዩ የብርድ ወቅት አክስት ራሳቸው ትኩሳት ይዟቸው ተኙ። ዘመድ ሁሉ ማን ይሂድ ማን ይቅር ሲባባል፣ እሳቸው ስልክ አንሥተው ትኬት ሻጯ ጋ ደወሉ። «ነይ ልጄ» አሉ፣ «እህቴን እንዳስታመምሽ አስታሚኝ።» እሷም ከሥራ ስትወጣ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ ሙቅ ሾርባ ይዛ ሄደች። ፊደል ቆጣሪዋ ስትደርስ፣ አክስት ትራስ ተደግፈው «ጨው አነሰው» እያሉ ሲጠጡ፣ ትኬት ሻጯ መስኮቱን ስትከፍት አገኘቻቸው።

አክስት ተሻላቸው። ከማን እንደያዛቸው የጠየቀ ሰው አልነበረም።