በጋወኑ ጠርዝ ላይ ያለው ስፌት

ባለፈው ሳምንት የእናቴን ሣጥን ስናራግፍ ተማሪ ሳለች ሆስፒታል የምትለብሰው ነጭ ጋወን ወጣ። ከተማችን ሚዛን መቼም ለልብስ አትመችም፤ ሣጥን ሲከፈት ቀድሞ አፍንጫ የሚይዘው እርጥበት ነው። ከእርጥበቱ ሥር ግን የልብስ ሳሙና ሸተተኝ። ጠርዙን ገልበጥ ባደርገው ያ ወፍራም፣ ጠማማ ስፌት እንዳለ ነው። የአባቴ ስፌት።

አባቴ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ኃላፊ ነበር። ሃያ ጎረምሳ በእሱ ፉጨት ነበር የሚንቀሳቀሰው። እናቴ ጤና ኮሌጅ የገባች ዓመት ታዲያ የቤቱን ልብስ ማጠብ እሱ ወሰደው። እሁድ እሁድ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ሳፋውን በረንዳው ላይ አስቀምጦ፣ ያንኑ ፉጨቱን እያፏጨ ያሽ ነበር። ሲያሰጣም አይደበቅም። ፀሐይ የሚያገኘው የመንገድ ዳሩ ሽቦ ነው ብሎ፣ የእናቴን ቀሚስ ሳይቀር አላፊ አግዳሚው ፊት ይዘረጋዋል። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የክፍል ጓደኞቼ በዚያ ሲያልፉ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አሁን የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ስልካቸውን እያነበቡ፣ «ውጭ አገር ባልና ሚስት ተራ ገብተው ነው አሉ ልብስ የሚያጥቡት!» ብለው ሲደነቁ እኔ ሻዬን እጠጣለሁ። ውጭ አገር ሄጄ አላውቅም። ሊደነቁበት የሚገባውን ሰው ግን እዚሁ ቤቴ አይቻለሁ።

አንድ እሁድ የአባቴ ታላቅ እህት ከጌጫ መጣች። ሽቦው ላይ የተሰጣውን ስታይ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ወንድሜ፣ የሚስትህን ልብስ? አገር እያየህ?»

«እትዬ፣ ቀኑን ሙሉ ቡና ሳጥብ ወንድ ነህ ይሉኛል። ልብስ ሳጥብ ምን ልሆን ነው?»

እሷ አልሳቀችም፤ እኔም አልሳቅኩም። እነሱ ምሳ ሲበሉ ወጥቼ ጋወኑን ከሽቦው አነሳሁና ጓሮ፣ የሙዙ ተክል ላይ አሰጣሁት። በማግሥቱ እናቴ ለብሳው ሆስፒታል የተግባር ፈተና የምትቀመጥበት ጋወን ነው። ሙዙ በዚያው ቀን እንደተቆረጠ ልብ አላልኩም። ከተቆረጠ ሙዝ የሚንጠባጠበው ውሃ ነጭ ልብስ ካገኘ ቡናማ ሆኖ እንደሚቀር እኛ አገር ሕፃን ልጅ ያውቃል።

ጠዋት እናቴ ጋወኑን አንስታ ታችኛው ጠርዝ ላይ ያለውን ቡናማ እድፍ ስታይ አልጋው ላይ ቁጭ አለች።

«ይህን ለብሼ ከበር ነው የሚመልሱኝ። በቃ፣ ትምህርቱም ይቅር። ቤቴን ትቼ ስሮጥ ያመጣሁት ነው።»

«እኔስ ብዬ ነበር» አለች አክስቴ።

አባቴ መጀመሪያ ሽቦውን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ።

«እኔ ነኝ ሙዝ ላይ ያሰጣሁት» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። አንቺ ቁርስሽን ብይ።»

በሎሚ አሸው፤ አልለቀቀም። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ የጆንያ ገመድ እንጂ ክር የማያውቁ ጣቶቹን እየወጋ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፎ ሰፋው። እድፉ ጠፋ፤ ጋወኑ ግን ገና እርጥብ ነበር። አባቴ እጅጌዎቹን በሁለት እጁ ይዞ ከራሱ በላይ ከፍ አደረገውና ነፋስ እንዲያገኘው ዋናው መንገድ ላይ ወጣ። ጎረምሶቹ በባጃጅ እያለፉ፣ «ኃላፊ! ባንዲራ ነው?» አሉት። እሱ ሳቀና መንገዱን ቀጠለ፤ እናቴም አንገቷን ቀና አድርጋ አብራው ሄደች። እኔ ከኋላ ነበርኩ። የዚያን ቀን በአባቴ የኮራሁትን ያህል በሰው ኮርቼ አላውቅም።

እናቴ ፈተናውን አለፈች፤ አዋላጅ ሆና ስንቱን የሚዛን ልጅ ተቀብላ በቅርቡ ጡረታ ወጣች። በተጣሉም በተሳሳቁም ቁጥር «ሙዝ ላይ የሚያሰጣ ወንድ!» ትለው ነበር። እሱ ትከሻውን ይሰብቃል። ካቻምና እስኪያርፍ ድረስ አንድ ቀን አላረማትም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ባለፈው ሳምንት ጋወኑን አይታ ያንኑ ቀልዷን ጀመረች። አላስጨረስኳትም።

«እማዬ፣ እኔ ነበርኩ። አፍሬበት ነው ከሽቦው ያነሳሁት።»

ስፌቱን በአውራ ጣቷ ከዳር እስከ ዳር ዳበሰችው።

«ይህን ሁሉ ዓመት ስስቅበት…» አለችና ጠርዙን ፊቷ ላይ አደረገችው።