ያጠፋው ማን ነው

በ2011 ዓ.ም. የስልሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበርኩ፤ በዚያ ዕድሜዬ ደብተር በብብቴ ሸጉጬ ላሊበላ ላይ ኮሌጅ ገባሁ። ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደሉን አፍጥጬ ካላየሁት አይመጣልኝም። ኮሌጅ ግባ ያለኝ ሰው የለም። አትግባ ያሉኝ ግን ብዙ ናቸው፤ የገባሁትም በነሱ እልህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈራችን የመብራት ምሰሶ ተተከለ፣ ቆጣሪም ገባልን። የቤቱን የውስጥ ሽቦ ግን እያንዳንድህ አሠራ ተባለ። ባለቤቴ ዓይኗ ደክሟል። ጓዳው መስኮት የለውም፤ ምስር ስትለቅም ጠጠሩን በጣቷ እየዳበሰች ነው የምታወጣው። “ለኔ ጓዳዬን ብቻ አብራልኝ፤ ሌላውን እንደፈለግህ” አለችኝ። ከተማ ወጥቼ ሽቦ የሚዘረጋ አንድ ጎልማሳ ባናግር፣ ስለ ሥራው ሁለት ጥያቄ ብጠይቀው፣ “አባባ፣ ይህ አንቱ የሚገባዎት ነገር አይደለም፤ ዝም ብለው ቁጭ ይበሉ” አለኝ። ቁጭ በል ከተባልኩ ደግሞ አልቀመጥም። የማኅበራችን ድግስ ተራ እኔ ቤት ሲደርስ ጓዳውንም ሳሎኑንም በገዛ እጄ አበራለሁ ብዬ በማኅበርተኛው ፊት ተናገርኩ። ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለም። ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ በሚሉት ክፍል ለአጭር ሥልጠና ተመዘገብኩ።

የመጀመሪያው ቀን የግቢው ዘበኛ አስቆመኝ።

“ልጅዎ ምን አጥፍቶ ነው?”

ወላጅ አምጣ የተባለ ልጅ አባት መስዬው ነው። ተማሪ ነኝ ስለው በሩን እንደያዘ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ በልቤ ግን እውነቱን ነው ብያለሁ።

መምህራችን የኮን ከተማ ልጅ ናት፤ የመጨረሻ ልጄን ብትበልጥ ትንሽ ነው። ለኔ አስተማሪ ሁሉ የኔታ ነውና እሷንም “የኔታ” አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

“አባባ፣ መምህርት ይበሉኝ።”

“እሺ፣ የኔታ።”

የሽቦውን ቀለም ልጆቹ በፈረንጅኛ ሲሸመድዱ እኔ በከብት ያዝኩት። ቡናማው ዳማ፣ ሰማያዊው ዳለቻ፣ አረንጓዴና ቢጫ የተዥጎረጎረው ቡሬ። ቡሬው መሬት የሚገባው ነው። ዳማው ይራገጣል፤ አንድ ጊዜ ረግጦኝ ማንም ሳያየኝ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜያለሁ።

እስከዚህ ደህና ነበርኩ። አንድ ቀን ግን መምህርቷ ሁለት አምፖል ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ሁለት ዓይነት አዘረጋግ አሳየችን። አንዱ አምፖሎቹን በአንድ መንገድ አከታትሎ መስደድ ነው፤ ሲሪስ ይሉታል። ሌላው ጎን ለጎን አድርጎ ለየራሳቸው መንገድ መስጠት ነው፤ ፓራለል ይሉታል። ቤት የሚዘረጋው በዚህኛው ነው አለች። የኔ ዓይን ሽቦው ላይ ነው። ይህኛው ብዙ ሽቦ ይበላል።

“የኔታ፣ ተከታትለው ቢሄዱ ምን ይላቸዋል? አህያስ ተከታትላ አይደል እንዴ ገበያ የምትገባው?”

“በቀጭን መንገድ ላይ የፊተኛዋ ከቆመች የኋለኛዋ በየት ታልፋለች፣ አባባ?”

ልጆቹ ሳቁ። በነገር ስረታ ደግሞ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ። “የቀረውን ቤቴ እጨርሰዋለሁ” ብዬ ወጣሁ፤ ወጥቼም ቀረሁ።

በማኅበሩ ዋዜማ ሽቦውን አከታትዬ ዘረጋሁት። የተረፈኝን ጠቅልዬ ለባለቤቴ ሳሳያት ሚዳቋ ገድሎ የገባ ሰው ነበር የምመስለው። ሁለቱንም ማብሪያ ስንጫን አምፖሎቹ ቀሉ፤ ቀልተውም ቀሩ፣ እንደ ፍም።

“መብራት የሚሉት ይኸ ነው?” አለች።

“ኃይሉ ደክሞ ነው፤ ችግሩ ከላይ ነው” አልኳት። ከላይ ያልኩት መንግሥትን ይሁን እግዜርን እኔም አልለየሁም።

የማኅበሩ ዕለት፣ ሲመሻሽ፣ ሳሎኑ ሞላ። የንስሐ አባታችን ሊመርቁ ቆመዋል። ሰው ሽቅብ አምፖሉን እያየ “ጎሽ!” ይለኛል፤ እኔ እንዳልሰማ ሆኜ ጋቢዬን አስተካክላለሁ። ይኼኔ ባለቤቴ ወጡን አውጥታ ከጓዳ ስትወጣ፣ ቆጣቢ ናትና፣ የጓዳዋን ማብሪያ ቀጭ አደረገችው። ሳሎኑ ድርግም አለ።

“መብራት ሄደ!” አለ አንዱ።

“የጎረቤት አለ እኮ!” አለ በር አጠገብ የተቀመጠው።

“ያጠፋው ማን ነው?” አሉ አባ፣ ከጨለማው ውስጥ።

“እሷ ናት!” አልኩ ቶሎ ብዬ።

“እኔ ያጠፋሁት የጓዳዬን ነው” አለች። “የሳሎኑን ያጠፋኸው አንተ ነህ።”

“ጓዳና ሳሎኑን ባንድ ገመድ አስሯቸው ኖሯል!” አለ በር አጠገብ ያለው ሰውዬ። “እሷ ስትተኛ እሱም እንዲተኛ!”

ቤቱ በሳቅ አለቀ። እኔ እቴ! “ሆን ብዬ ነው፤ ባልና ሚስት አብሮ ይምሽባቸው ብዬ ነው” አልኩ። አባ ሳቃቸው ሲወጣላቸው፣ “እንግዲያው ልጄ፣ ጧፍ አብራልን” አሉኝ። አበራሁ። በገዛ እጄ አበራለሁ ብዬ የለ?

ሰው ከተሸኘ በኋላ ባለቤቴ ምስሯን በሰፌድ ይዛ ጓዳዋ ገባች፤ ማብሪያዋን መልሳ ተጭና ያንን ቀይ አምፖል ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ተቀምጣ እንደ ወትሮዋ በጣቷ እየዳበሰች መልቀም ጀመረች። ከሳቁ ሁሉ እሱ ባሰብኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ደብተሬን ሸጉጬ ኮሌጁ በር ላይ ተገተርኩ። ዘበኛው ረስቶኛል።

“ልጅዎ ምን አጥፍቶ ነው፣ አባባ?”

“ልጄ አይደለም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ” አልኩት። “የሳሎኑን።”

ምን እንዳለ ሳልሰማ አለፍኩ። ክፍል ገብቼ ከፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩና፣ የኔታ ሲገቡ ተነስቼ፣ የኋለኛዋ አህያ በየት እንደምታልፍ እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው።