ከአያ ሞገስ ጋር ተቆራኝቼ ወደ አዳማ

ትናንት ጠዋት የነጠላዬ ጫፍ፣ ወንድሜን ገደለብኝ ብዬ ከከሰስኩት ሰው ነጠላ ጋር ተቋጥሮ ከወለንጪቲ ወደ አዳማ በእግር ተነሳን። እኔ ከሳሽ፣ እሱ ተከሳሽ... ዳኛ ፊት እስክንቀርብ ቁራኛ ነን። እሱ ሲቆም እቆማለሁ፤ እኔ ውኃ ሲጠማኝ እሱም ይከተለኛል።

አሁን ይህን የምጽፈው ዳኛው ደጅ ተራ ስንጠብቅ ነው። አጠገቤ ተቀምጦ ወረቀቱን በጎን ያየዋል። ማንበብ አይችልም... ወይም አልችልም ይላል።

ሰውየው አያ ሞገስ ነው፤ ጎረቤታችን። ታላቅ ወንድሜ ተሾመ በቅርቡ ከአያ ሞገስ የእህል ጉድጓድ ማሽላ ሊያወጣለት ገብቶ በሕይወት አልወጣም። ገላው ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ቄሱ የእግዜር ሥራ ነው አሉ፤ እናቴም አመነች። እኔ ግን ከዚያ በፊት ሁለቱ በእርሻ ድንበር ሲጣሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለቅሶው ሳይበርድ የመንደራችን ሹም፣ ጭቃ ሹሙ ደጅ ሄጄ «በሕግ አምላክ» አልኩ። እሳቸውም አቆራኝተው ወደ አዳማ ሰደዱን።

የሚገርመው፣ እየጠረጠርኩትም አንቱ ማለቴን አልተውኩም። አፌ ከልቤ ይልቅ ጨዋ ነው።

ጥቂት እንደሄድን ከስልቻው ቆሎ አውጥቶ አቀበለኝ። እሱ እስኪቀምስ ጠበቅኩ። ገባውና ሳቀ።

«ብላ እንጂ! ብገድልህስ ሬሳህን እስከ አዳማ የምጎትተው እኔው አይደለሁ?»

በላሁ። ግን አልሳቅኩም።

ፀሐዩ እየበረታ ሲመጣ ስለ ጉድጓዱ ራሱ ጀመረ። ጉድጓድ የራሱ ሕግ አለው፣ ከርሞ ተከፍቶ ሳይናፈስ የገባበትን ሁሉ ይይዛል፣ ባላባት ቢገባ ባላባት ነው ብሎ አይለቅም አለኝ።

ይኸኔ የትምህርት ቤት መምህራችን ትዝ አሉኝ። ሕግ ስንል ሦስት ነገር ማለታችን ነው ይላሉ። አንዱ ዳኛ የሚፈርድበት ነው፤ ሰው ሊጥሰው ይችላል። ሌላው ድንጋይ ወደ ታች የሚወድቅበት ነው፤ ያንን ማንም አይጥሰውም። የመጨረሻው የትም ሳይጻፍ ሰው በልቡ የሚያውቀው ነው፤ ስለ እሱ ፈላስፎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ክፍል ውስጥ ይህን ስሰማ፣ ያልተጻፈ ነገር ምኑን ሕግ ሆነ ብዬ ነበር።

አሁን ግን የጠረጠርኩት ሌላ ነው። አያ ሞገስ ከዳኛው ሕግ ሸሽቶ በድንጋዩ ሕግ ውስጥ ሊደበቅ ነው።

«እንግዲያው ጉድጓድ ሰው ሲይዝ ያሳዩኝ» አልኩት።

«አሳይሃለሁ» አለ፣ ሳያቅማማ።

አዳማ ልንደርስ ስንል አንድ ሽማግሌ ገበሬ መንገድ ዳር የእህል ጉድጓዳቸውን ሲከፍቱ አገኘን። አባ ገመቹ ይባላሉ። አያ ሞገስ በኦሮምኛ «አካም ኦልተን» ብሎ ሰላም አላቸው። እሳቸው ቋጠሯችንን አይተው ጉዳያችንን ጠየቁን፤ ቁራኛ ያየ ሰው መጠየቁ ወግ ነው። ባለጉዳዮቹ ከተስማሙ እዚያው የመንገድ ዳኛ ሆኖ ይፈርዳል፣ ቋጠሮውንም ይፈታል። ሁለታችንም ተስማማን።

አያ ሞገስ ገመድና ችቦ ለመነ። ችቦውን ገመዱ ጫፍ ላይ አስሮ ለኮሰው። ነጠላችን ስለተቋጠረ ጎን ለጎን ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከክን። ቀስ እያለ አወረደው...

እሳቱ ጥቂት እንደወረደ ውኃ ውስጥ እንደተነከረ ድርግም አለ። ነፋስ የለም። ማንም አልነካውም። አውጥቶ ለኮሰና ደግሞ አወረደው። እዚያው ቦታ ላይ ጠፋ።

«እሳት የማይኖርበት፣ ሰውም አይኖርበትም» አለ አያ ሞገስ።

አባ ገመቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየህ ልጄ፣ ጉድጓድ አይከሰስም። ልፍታችሁ?»

እንባዬ መጣ። ተሾመን ሰው አልገደለውም ማለት ነው... ለካ ስጠላው የከረምኩት ባዶ አየር ነው። ፍቱን ልል አፌን ስከፍት ዓይኔ አያ ሞገስ እጅ ላይ አረፈ። ገመዱን በክርኑ ላይ እየጠቀለለ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን ሲሠራው እንደኖረ ሰው።

«ይህን ከማን ተማሩት?» አልኩት።

«ከአባቴ። አንተን ሳላክል ጀምሮ ነው የማውቀው» አለኝ ኮራ ብሎ።

«ተሾመ ሲገባ ችቦው የት ነበር?»

እጁ ገመዱ ላይ ቆመ። አባ ገመቹ ቀና አሉ።

«ትፈራለህ ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር» አለ አያ ሞገስ። «አልፈራም አለኝ።»

ሰው ከማስገባትህ በፊት እሳት አውርድ የሚል ሕግ የት እንደተጻፈ እኔ አላውቅም። አባ ገመቹም የሚያውቁ አይመስለኝም። ግን ወደ ቋጠሯችን ዘርግተውት የነበረውን እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይህን እኔ አልፈታም» አሉ። «አዳማ ሂዱ።»

ከዚያ ወዲያ እስከ ከተማ ድረስ አያ ሞገስ ቆሎ አላቀበለኝም።

ጉድጓዱ የገባበትን ሁሉ ይይዛል፤ ሕጉ ነው... ተሾመ ይግባ ያለው ግን ጉድጓዱ አይደለም።