ስሜነሽና የስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ፊልሞች

ስሜነሽ ቢቸና ከነበሩት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ብቸኛዋ ታይፒስት ነበረች። ባሏን ፈታ ከእናቷ ጋር የምትኖር የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ስትሆን፣ ነገርን ሁሉ በደረጃ ካላስቀመጠች ዕረፍት አታገኝም። የሰፈሩን ውሾች በጩኸታቸው፣ የቢሮውን ወንበሮች በሲጢጥታቸው፣ የቀድሞ ባሏን ዘመዶች ደግሞ በክፋታቸው ተራ አስይዛቸው ነበር። አማቷ ዝርዝሩን ሰምተው በጣም አዘኑ ይባላል፤ ያዘኑትም ሦስተኛ በመሆናቸው ነው።

በመስከረም ስድሳ ሦስት ከአዲስ አበባ ለየቦታው የተበተነ አንድ ሰርኩላር መጣ። ባለፈው ዓመት ለሕዝብ ከታዩት ፊልሞች በጣም የተወደዱት አምስቱ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ተለይተው ይላኩ፤ ከአምስት ያነሰ ዝርዝር ተቀባይነት የለውም ይላል። ዋና ጸሐፊው አቶ ወልደ ኪዳን ሁለት ጊዜ አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ። በዚያ ዓመት ከከተማ ከተማ እየዞረች ፊልም የምታሳየው የሲኒማ መኪና የመጣችው አምስት ጊዜ ነው። አምስቱንም ጊዜ ይዛ የመጣችው ግን አንድ ፊልም ነበር፤ የዶሮ እርባታ። አንድ ሪዛም ፈረንጅ ዶሮ ይገዛል፣ ቤት ይሠራል፣ ጫጩቱ ይበዛለታል፣ በመጨረሻ ከሚስቱ ጋር ተቀምጦ እንቁላል ጥብስ ይበላል። በቃ።

አቶ ወልደ ኪዳን «የታየው አንድ ነው» የሚል መልስ እንድትጽፍ አዘዟት። ስሜነሽ ግን እጇን ከታይፑ ላይ አነሳች። የተመልካች ቁጥር እንድትመዘግብ ከመኪናዋ ጋር ቢቸናም ሞጣም ስትላክ የከረመችው እሷ ናት።

«እኔ ያየሁት አምስት ነው፤ አንድ ብዬ አልጽፍም» አለቻቸው።

አቶ ወልደ ኪዳንም ቢሆኑ ሰርኩላሩ አምስት ስላለ ብዙ አልተከራከሩም።

አንደኛ ያደረገችው በግንቦት ቢቸና የታየውን ነው። ያን ቀን የሲኒማው ባለሙያ የፊልሙን ጥቅልል ገልብጦ አስገባው። ጥብሱ ከሰውዬው አፍ እየወጣ ሳህን ላይ ተቀመጠ፤ እንቁላሎቹ ወደ ዶሮዎቹ ተመለሱ፤ ዶሮዎቹ ጫጩት ሆኑ፤ ቤቱ ሳንቃ በሳንቃ ፈረሰ፤ ያ ሁሉ ሀብት የነበረው ሰው ባዶ ግቢ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ቀረ። አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት ሴት እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ስሜነሽ ይህን «የከሰረው ሰውዬ» ብላ ጻፈችው።

ሁለተኛው የሞጣው ነው። ፈረንጅኛውን በድምፅ ማጉያ የሚተረጉመው ሰው ታሞ ስለነበር፣ ዓረብ አገር፣ ዔደን ከተማ ሠርቶ የመጣው የጨርቅ ነጋዴው አብዱልዋሂድ እንዲተካው ተለመነ። አብዱልዋሂድ የሚያውቀው ዓረብኛ እንጂ እንግሊዝኛ አልነበረም፤ ይህን ግን የጠየቀው የለም። ሰውዬው ከታናሽ ወንድሙ ጋር በርስት ተካሶ ዶሮዎቹን ለምስክርነት እንደጠራ አድርጎ ተረጎመው። በፍርዱ ታናሽየው ረታ፤ ገበያተኛውም አጨበጨበ።

ሐምሌ ላይ እዚያው ሞጣ ዝናብ ፊልሙ የሚታይበትን አንሶላ ጣለው። መብራቱ ግን አልጠፋም ነበርና ፊልሙ በሕዝቡ ላይ ታየ፤ ዶሮዎቹ ካንዱ ጋቢ ወጥተው ወደ ሌላው ጋቢ ሲገቡ ሰዉ እርስ በርሱ ሲተያይ አመሸ። ይህን ሦስተኛ አደረገችው። አራተኛው በዐቢይ ጾም የታየው ሲሆን፣ ካህናቱ ስለተቆጡ ባለሙያው ጥብሱ ላይ ሲደርስ ባርኔጣውን መብራቱ ላይ ደፋበት። ድምፁን ማንም አልዘጋውምና በጨለማው ውስጥ ዘይቱ ሲንቸሰቸስ ተሰማ፤ ሰዎች መስማት ጾም ያስገድፍ እንደሆነ እስከ ትንሣኤ ተከራከሩ። አምስተኛ፣ ማለትም መጨረሻ የሆነው፣ በጥቅምት በደንብ የታየው ነው። ምንም ስላልተፈጠረበት።

አቶ ወልደ ኪዳን ፈረሙና ተላከ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ አቶ በላቸው የሚባሉ ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ መጡ። ሌላው ቦታ ሁሉ ሁለትና ሦስት ፊልም ጽፎ ዝርዝሩ ሲመለስበት፣ የቢቸና አምስት መሙላቱ ጥርጣሬ አሳድሮ ነበር። ፊልሙን ራሳቸው ይዘው መጡ፤ ቆርቆሮውንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ይህ አንድ ፊልም እንጂ አምስት እንዳልሆነ ተናገሩ።

«እርስዎ አላዩዋቸውም እኮ። አምስቱንም ይዩና ይፍረዱ» አለች ስሜነሽ።

አቶ በላቸው ሕግ አክባሪ ሰው ነበሩ። ሳያዩ መፍረድ እንደማይገባ አምነው አምስቱም እንደነበሩ ሆነው ይታዩ አሉ። ደግነቱ ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበርና ባለ ባርኔጣው ፊልም አላስቸገረም። ተገልብጦ ሲታይ አቶ በላቸው ማስታወሻ መያዙን ትተው አንገታቸውን ደፉ፤ ባለፈው ዓመት እሳቸውም ቤት ሠርተው ፈርሶባቸው ነበር።

ሞጣ ላይ ነገር ተበላሸ። አብዱልዋሂድ አምና ያለውን ረስቶታል፤ ዘንድሮ ታላቅየውን አስረታ። ሕዝቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ፍርድ እንዴት ይገለበጣል ብሎ አጉረመረመ። ስሜነሽ ይህ ሌላ ፊልም ነው፣ ስድስተኛ ሆኖ ይመዝገብ አለች። አቶ በላቸው ጥቂት አሰቡና መዘገቡት።

የቀረው የዝናቡ ነበር። በበጋ ዝናብ ከየት ይምጣ? በውኃ ይረጭ ያሉም ነበሩ፤ አቶ በላቸው ግን ማስመሰል ምርመራ አይደለም ብለው ሞጣ ቤት ተከራይተው ሰማይ ሲያዩ ከረሙ። ስሜነሽም አብራ ትጠብቅ ነበር። በየማታው አንሶላው ይሰቀላል፣ ሕዝቡ ጋቢውን ለብሶ ይሰበሰባል፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ያድራል። በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ጥምቀት ባለፈ ማግስት፣ ያልታሰበ ዶፍ ወረደ። አቶ በላቸው ነጭ ካፖርት ለብሰው ስለነበር አንዲት ዶሮ ደረታቸው ላይ መጥታ ቆመች። እሷ እስክታልፍ እጃቸውን እንኳ አላነሡም።

በማግስቱ አንደኛው የዝናቡ ነው አሉ። ስሜነሽ አንደኛው የከሰረው ሰውዬ ነው አለች። እሳቸው ዶሮዋን አነሱ፤ እሷ ያለቀሱትን ሴት አነሳች። ቢቸና እስኪደርሱ ድረስ አልተስማሙም። ሪፖርቱን ግን የምትጽፈው እሷ ናት። እሳቸው አውቶቡሱ እንዳያመልጣቸው ተጣድፈው ሳያነቡ ፈረሙ።

ደጀን ላይ ግልባጩን አውጥተው ሲያነቡ የዝናቡን ሦስተኛ ሆኖ አገኙት። ወዲያው ለአለቆቻቸው «ዝናቡ አንደኛ ነው» የሚል ቴሌግራም ላኩ። አለቆቻቸው ቴሌግራሙ ለምን እንደተላከ ግራ ቢገባቸው ስለ አዝመራ ለሚከታተል ክፍል መሩት።

በመጋቢት ለቢቸና መልስ መጣ። ስድስት ፊልሞች በአንድ አካባቢ መከማቸታቸው ተገቢ ስላልሆነ ሦስቱ ቁጥሩ ላልሞላለት ለሉማሜ ከተማ ይተላለፉ ይላል። አቶ ወልደ ኪዳን ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ሊከቱት ሲሉ ስሜነሽ ተቀበለቻቸውና የትኞቹ እንደሚሄዱ ስታወጣ ስታወርድ ሳምንት ቆየች። በደንብ የታየውን ያለ ጭንቀት ሰጠች። የጾሙን ጨመረች። ሦስተኛ የሚሄደውን ግን ደጋግማ ጽፋ ሰረዘች። በመጨረሻ አብዱልዋሂድ ታላቅየውን ያስረታበትን ጻፈች፤ የሞጣ ሰው እንደማይቀየም አጣርታ ነው።