ጀልባዋ የምታድርበት

ባለፈው ቅዳሜ ሀና ማርያም ወላጆቼ ቤት ሄደን፣ ልጄ ሶስና ዕቃ ቤት ገብታ ስትጎረጉር ቆየችና አንዲት ቢጫ የዘይት ጀሪካን ይዛ ወጣች። ክዳኗ በላስቲክ ተጠፍሯል፣ ጆሮዋ ላይ ሲባጎ ተንጠልጥሏል፣ ሆዷ ላይ ደግሞ በደበዘዘ ቀለም «ሜሮን» ይላል። «እማ፣ ስምሽ ለምን ጀሪካን ላይ ተጻፈ?» አለችኝ። እኔ ሳልመልስላት እናቴ ሳሎን ሆና ሳቋን ለቀቀችው። ክዳኑን ፈትቼ ሳሸተው የዘይቱ ሽታ ዛሬም አለ።

ልጅ እያለሁ ሀና ማርያም የከተማ ጫፍ ነበረች። አስፋልቱ ቤታችን ሳይደርስ ያልቅና፣ ከግቢያችን ጀርባ የጎረቤታችን የኦቦ ገመቹ የሽምብራ ማሳ ይጀምር ነበር። አባዬ ሚኒባስ ታክሲ ይነዳል። ሳንነቃ ይወጣል፣ ከተኛን በኋላ ይገባል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ናቲ ቤት ማደሩን የምናውቀው አውልቆ በተወው ሸሚዝ የቤንዚን ሽታ ነበር። እማዬን ሲያገባት አንድ ቃል ገብቶላት ነበር፤ መሪ ሳይዝ፣ ጎኗ ተቀምጦ፣ አንድ ቀን አንድ ቦታ ሊወስዳት። ከዚያ ወዲህ ዐሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። እማዬ ገበያ ስትሄድ በሱ ታክሲ ትሳፈራለች፤ የምታየው ግን የአንገቱን ጀርባ ነው። «እኔ ያገባሁት ማጅራት ነው» እያለች ጎረቤቱን ታስቅ ነበር። እሷ ራሷ ግን ከሁሉም ቀድማ ሳቋን ታቆማለች፤ እኔ ልጅም ብሆን ይህን አይ ነበር።

ታዲያ አንድ ጥር ላይ፣ እኛ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ላይ ሳለን፣ የታክሲው ባለቤት ሐሙስ ዕለት መኪናው ጋራዥ እንደሚውል ተናገረ። አርብ ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አባዬ መኪናውን መረከብ አለበት። ሰውየው ቁጡ ስለነበር፣ አንድ ቀን ከቀረሁ ሌላ ሹፌር ያስገባብኛል እያለ አባዬ ሁልጊዜ ይሰጋል። በዚያው ሰሞን አንድ ተሳፋሪ ስለ ዝዋይ ሐይቅ ሲያወራ ሰማ። ሐይቁ መሀል ቱሉ ጉዶ የሚባል ደሴት አለ፤ ደሴቱ ላይ ወፍ እንጂ መኪና የሚባል ነገር የለም። ለዐሥራ ሁለት ዓመት ጥሩምባ ሲሰማ ለኖረ ሰው ይህ ገነት ነው። የዚያን ዕለት በጊዜ ገባና እማዬን «ቃሌን ልፈጽም ነው» አላት።

የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ቀዶ ጀርባው ላይ ዕቅዱን ጻፈ። ዐሥር ሰዓት መነሳት፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ቃሊቲ መናኸሪያ፣ አራት ሰዓት ጀልባ፣ ስድስት ሰዓት ደሴት፣ ስምንት ሰዓት መመለስ፣ ሁለት ሰዓት ቤት። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጠፈው፤ እኔና ናቲም ጥርሳችንን ስንፍቅ እንኳ እየሸመደድነው ሰነበትን።

ችግሩ እማዬ ነበረች። እማዬ ዕቃ ውስጥ ያልገባ ውሃ አታምንም። ጎርፍ ሲመጣ አልጋ ላይ የምትወጣ ሴት ናት። ሁለት ቀን ጸለየችበትና በሦስተኛው ቀን ቅድመ ሁኔታዋን አስቀመጠች፤ ለያንዳንዳችን የሚንሳፈፍ ነገር ካልተዘጋጀ እግሯን ከመሬት አታነሳም። መንደሩን ዞራ አራት ባዶ የዘይት ጀሪካን ሰበሰበች። ኦቦ ገመቹ ለላም ማሰሪያ ከገዛው ሲባጎ ቆርጦ ሰጣት። ጀሪካኖቹን በደረታችን ላይ አሰረች፣ እንዳንጣላባቸውም ስማችንን ጻፈችባቸው።

ከዚያ ልምምድ ተጀመረ። አባዬ ጀልባ አይቶ አያውቅም፣ ግን ተሳፋሪ እንዴት እንደሚረብሽ ያውቃል። ሁለት አግዳሚ ወንበር ግቢው መሀል አሰለፈና አስቀመጠን። ሕጉ ሦስት ነው፤ መቆም የለም፣ መንጠራራት የለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁላችንም ባንዴ ወደ አንድ ጎን መዞር የለም። እኛ ጀሪካናችንን ታቅፈን ተቀምጠን ሳለ እሱ ድንገት «ጉማሬ!» ብሎ ይጮሃል። ናቲ ዘሎ ይቆማል። «ተገለበጥን! ሁላችሁም ሞታችኋል፣ ውረዱ!» ይላል አባዬ፤ ወርደን እንደገና እንሳፈራለን። የጎረቤት ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው ያዩን ነበር፣ ቆይተው እነሱም ተሳፈሩ። ሐሙስ እስኪደርስ ድረስ «ጉማሬ!» ሲባል ዐይናችንን እንኳ የማናንቀሳቅስ ሆነን ሠለጠንን።

ሐሙስ ዕለት ዕቅዱ ዝንፍ አላለም። ገና አራት ሰዓት ሳይሞላ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነበርን። ውሃው ዳር ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ልክ እንደ ተራ አስከባሪ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳሉ። ጀልባዋም አለች፤ ሰው ግን የለባትም። ቶሎ ገብተን ጥሩ ጥሩውን ቦታ ያዝን፣ እማዬ የቀረውን ቦታ በነጠላዋ ያዘችልን። ቁጭ ብለን ጠበቅን። አምስት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሆነ። አባዬ ሰዓቱንና ወረቀቱን ይመለከታል። ፀሐዩ ጀሪካኖቹን አሙቆ ዘይት ዘይት እንሸት ጀመር።

ከሰባት ሰዓት በኋላ ፀጉራቸው የሸበተ አንድ ሰው ጨውና ሳሙና ተሸክመው መጡ። የጀልባዋ ባለቤት ናቸው። ጀሪካኖቻችንን አዩና «ውሃ ልትቀዱ ነው?» አሉ። ከዚያ ነገሩን አስረዱን። ጀልባዋ ጠዋት የደሴቱን ሰው ይዛ ለገበያ ትመጣለች፣ ገበያው ሲበተን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዛው ትመለሳለች፤ ወደዚህ የምትመጣው ነገ ጠዋት ነው። አባዬ ደርሶ መልስ የሚባል ነገር እንደሌለ ማመን አቃተው።

«ጋሼ፣ ጀልባዋ የምታድረው እዚህ ከተማው አይደለም?»

«አንተ ምን ትሠራለህ ልጄ?»

«ታክሲ ነው የምነዳው። ከሀና ማርያም።»

«መኪናህ የት ታድራለች?»

«እኛው ሰፈር።»

«እኛም ያው ነን» አሉ ሰውየው። «ከቤታችን ነው የምንነሳው።»

ዕድሜውን ሙሉ ከጫፍ ሰፈር ሰው ጭኖ ወደ መሀል ሲገባ፣ ሲመሽም ሲመልስ የኖረው ራሱ አባዬ ነበር። እኛ የጉዞው መነሻ የመሰለን ቦታ ለጀልባዋ መድረሻዋ ነበር። ያን ቀን ይህን ሁሉ አላሰብኩም፤ እኔ ያየሁት ዕቅዱ ያለበትን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ሲከተው ብቻ ነው። ከሄድን እዚያው ማደራችን ነው፣ ካደርን ደግሞ አርብ ጠዋት ታክሲው ያለ ሹፌር ሊቆም ነው። ናቲ ማልቀስ ጀመረ። አባዬ እማዬን ቀና ብሎ ሳያያት «እንመለስ» አለ።

እማዬ አልተነሳችም። ውሃ የምትፈራው እማዬ፣ ጀሪካኗን ታቅፋ፣ ጀልባዋ መሀል እንደተቀመጠች ናት። «ተሾመ» አለችው፣ «ዐሥራ ሁለት ዓመት ከኋላህ ተቀምጫለሁ። ዛሬ ና፣ እዚህ ጎኔ ተቀመጥ። ታክሲው አንድ ቀን ያለ አንተ ይዋል።» አባዬ ወደ ከተማው ሮጦ ለታክሲው ባለቤት ስልክ ደወለና፣ ላቡን እየጠረገ ተመልሶ ጎኗ ተቀመጠ። ምን እንደተባባሉ አልነገረንም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀልባዋ ጢም ብላ ሞልታ ተነሳች። የሞተሩ ድምፅ፣ ፊታችን ላይ የሚረጨው ውሃ፣ የሴቶቹ የገበያ ወሬ፤ ሁሉም ደስ ይል ነበር። ከዳር ራቅ እንዳልን አንዱ «ጉማሬ!» ብሎ ጮኸ። የጀልባው ሰው ሁሉ በቀኝ በኩል ተንጠራርቶ «ያውና! ግልገልም አላት!» ይላል። እኛ አራታችን ግን ጀሪካናችንን ታቅፈን፣ አንገታችንን አቅንተን፣ ወደ ፊት ብቻ እያየን ተቀምጠናል። ጫጫታው ሲበርድ አባዬ ቀስ ብሎ «አያችሁት?» አለ። «አላየንም» አልነው። «እኔም አላየሁም» አለ። እማዬ ሳቋ ፈነዳ። እንዲያ ስትስቅ ያን ቀን ነው ያየኋት፤ አባዬ ትከሻ ላይ ተደፍታ፣ እንባዋ እስኪወርድ፣ ጀሪካኑን ከእጇ ለቃው። ያን ቀን ሳቋን ቀድማ አላቆመችም።

ያደርነው ባለጀልባው ቤት ነው። በሚጥሚጣ የተጠበሰ ዓሣ በላን። ጠዋት ስነቃ አባዬ እንደልማዱ ጎህ ሳይቀድ ተነስቷል፣ ግን የሚነዳው ነገር የለም። ውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ወፎቹን ያያል። እማዬ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሐይቁ ውስጥ ነክራለች። ጠርቻቸው ነበር፣ አልሰሙኝም። ቤት ስንመለስ ደግሞ ሌላ ተአምር ጠበቀን። የታክሲው ባለቤት አርብን ራሱ ሲነዳ ውሎ ወገቡን ይዞት ነበር። ከዚያ ወዲያ ለአባዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

አሁን ሀና ማርያም ጫፍ አይደለችም። የኦቦ ገመቹ ማሳ ፎቅ በቅሎበታል፣ አስፋልቱም እኛን አልፎ ሄዷል። ቅዳሜ ዕለት ሶስናን አቅፌ ታሪኩን ከነገርኳት በኋላ ዋናውን ነገር አወጣሁት። በቀጣዩ ወር ሁሉንም ቱሉ ጉዶ ልወስዳቸው ነው። ስልኬ ላይ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል፤ መኪናው፣ ጀልባው፣ ባለ ብርቱካን ቀለም የዋና ጃኬቱ፣ ሰዓቱ ሁሉ። አባዬ መነጽሩን አድርጎ አነበበውና እንደ ድሮው ጠየቀ፤ «ጀልባዋ የምታድረው የት ነው?»

ደውዬ ጠየቅኩለት። ባለጀልባው ወጣት ነው፤ ኮንትራት ስለሆነ ጀልባዋ ደሴቱ ዳር ቆማ እንደምትጠብቀን፣ ባልነው ሰዓትም እንደምትመልሰን በትሕትና አስረዳኝ። ይህን ስነግራቸው አባዬ ራሱን ነቀነቀ፣ ግን ደስ አላለውም። ዛሬ እንደያኔው ጥሎን የሚሄድ ጀልባ የለም፣ ሳናስበው እዚያው የሚያሳድረንም የለም።

እናቴ ጀሪካኗን ከሶስና ተቀብላ ክዳኑን እያጠበቀች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል «ሜሮንዬ» አለችኝ፣ «መልሰሽ ደውይለት። አድርሰኸን ሂድ በይው፤ እኛ እዚያው እናድራለን።»