የማላውቃቸው ሰዎች ለቅሶ

የእድሩ ጡሩምባ ንጋት ላይ ሲነፋ ሰው ሁሉ ማን ሞቶ ይሆን ብሎ ይደነግጣል። እኔን ግን በዚያ ዓመት ደረቴን ቀለል ይለኝ ነበር። አሁን ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል፤ ግን እውነት ነው።

መቱ ገበያ ዳር ልብስ እሰፋ ነበር። ክረምቱ ሲገባ እግሬ ፔዳሉን እምቢ አለ። አላመመኝም፣ አልቆሰለም፤ ዝም ብሎ አይገፋም። ምግቡ አፈር አፈር ይለኛል። እንባዬ ሳልጠራው ይመጣል። ልጆቼ ደህና፣ ባለቤቴ ደህና፤ ምን ብዬ ላልቅስ? በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ የሚያለቅሰው ሰው ሲሞትበት ነው። እኔ ደግሞ የሞተብኝ አልነበረም። ስለዚህ የሞተበትን ቤት መፈለግ ጀመርኩ።

ጋቢዬን ለብሼ ድንኳን እገባለሁ፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ጥጌን ይዤ አለቅሳለሁ። ምን ሆንክ የሚለኝ የለም። እንዲያውም ንፍሮ ይሰጡኛል። ባለቤቴ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ለገዛ አጎትህ እንኳ እንዲህ አልሮጥክም!» ትለኝ ነበር።

መቱ ላይ የሰው ዓይን ሲበዛብኝ ወደ ሁሩሙ ወጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ አንድ የቡና ነጋዴ ማረፋቸውን ሰምቼ ሰዎቹን ተከትዬ ገባሁ። ያን ቀን ያለቀስኩት ከአንጀቴ ነው። ጣጣውን ያመጣው እሱ ነው። ካርታ የሚጫወቱት እጃቸው ቆመ። የሟቹ ታናሽ ወንድም መጥቶ ከፊቴ ቆመ።

«ጋሼ፣ ለወንድሜ ምኑ ነዎት?»

«ወዳጅ ነበርን።»

«የት?»

«መቱ... ገበያ ሲመጣ።»

«ወንድሜ ከሁሩሙ ንቅንቅ አይልም። መቱ ቡናውን የማወርደው እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንዱ፣ «አባታችሁ እኮ ድሮ መቱ ይመላለሱ ነበር» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት። ወንድምየውም ሰማው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«አሁን ገባኝ! የአባትህ ልጅ ነኝ ልትለኝ ነው የመጣኸው? አፈሩ ሳይደርቅ መሬት ልትካፈል!»

«ኧረ በሥላሴ! እኔ...»

«ተነስ!» ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። ሁለት ጎረምሶች መውጫው ላይ ቆሙ።

የሟቹ ባለቤት ከሴቶቹ መሃል ተነስተው መጡ። «ተው፣ አትጎትተው!» አሉት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ «ኦቦ፣ ማል ታታን? ምን ሆነው ነው?» አሉኝ።

ይህችን ጥያቄ ነበር ስሸሻት የከረምኩት።

«እትዬ፣ ባለቤትዎን አላውቃቸውም። የማለቅስበት ቤት አጥቼ ነው። ምን እንደነካኝ እኔም አላወቅሁትም። መኖሩ ከብዶኛል።»

አንድ ሽማግሌ፣ «ይኸው! የራሳችን እንባ አልበቃ ብሎ ደግሞ ከመቱ መጣልን» አሉ። የሳቀ ግን የለም።

«ቤትዎ ማን አለ?» አሉኝ ሴትየዋ።

«ባለቤቴ አለች።»

«ነግረዋታል?»

«እንዳታይብኝ ብዬ ነው እዚህ የመጣሁት።»

«የእኔውም ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ እንዳለኝ ነው የሄደው። የእርስዎዋም እንደ እኔ ድንኳን ተተክሎ ከሰው አፍ ትስማ?»

ወንድምየው ክንዴን አልለቀቀም፤ አያያዙ ግን ሌላ ሆነ። ደግፎ ሚኒባስ ላይ አሳፈረኝ። «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ብቻ ቀጥ ብለው ቤትዎ ይግቡ፤ መንገድ ላይ ሌላ ለቅሶ እንዳይገቡ!»

ቤት ገብቼ አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ ሳልነግራት አደርኩ። በማግስቱ ጡሩምባው ተነፋ። ባለቤቴ ጋቢዬን አውርዳ ዘረጋችልኝ። እጄን ልሰድ ብዬ መለስኩት።

«ለቅሶ አልሄድም።»

«ታዲያ?»

«አሞኛል። ሰውነቴን አይደለም።»

እዚያው ደጃፉ ላይ አለቀስኩ፤ የሞተ ሳይኖር፣ በገዛ ቤቴ። ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና ነጠላዋን አንስታ ሆስፒታል ይዛኝ ሄደች።

ሐኪሟ ስሙ ድባቴ ነው አለችኝ። መድኃኒቱ ቶሎ አልያዘልኝም፤ እግሬ ፔዳሉን የገፋው የቡና ለቀማ ሲደርስ ነው። ዛሬም አልፎ አልፎ ይመለስብኛል። ያን ጊዜ «መጣ» እላታለሁ። እሷም ሥራዋን ትታ አጠገቤ ትቀመጥና፣ «ንፍሮ ልቀቅልልህ እንዴ?» ትለኛለች።