የቀኝ እጄ ጸሎት

በእርሻ ድንበር የተጣላን ጎረቤታችን ወንድሜን ዳባት ገበያ መሐል በጥይት ገደለው። ሁለተኛው ጥይት የእኔን ቀኝ ክንድ ሰባበረው። ገዳዩ በሊማሊሞ ወርዶ ቆላ ገባ።

ደባርቅ ሆስፒታል አጥንቴን ጠገኑልኝ፤ ጣቶቼ ግን እንደተጨበጡ ደርቀው ቀሩ። እናቴ እያለቀሰች ጠበል ወሰደችኝ። አጥንት ሰርስሮ በሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ሰው ሁሉ ምሕረት ሲለምን፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ «ጌታዬ፣ ይቺን እጅ ብቻ አድንልኝ፤ የቀረውን እኔ አውቃለሁ» እል ነበር። የቀረው የወንድሜን ደም መመለስ ነበር። የአባታችንን ጠመንጃ ወልውዬ አስቀምጬ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ጣቶቼ ተፍታቱ። እልል እያልኩ ሮጬ ጠመንጃውን አነሳሁ። ሌሎቹ ጣቶቼ ጥብቅ አድርገው ያዙት። አመልካች ጣቴ ግን እንደ ችካል ቀጥ ብላ ቃታው ላይ አልታጠፍ አለች። በግራ እጄ ብጠመዝዛት፣ በጥርሴ ብነክሳት፣ ከግድግዳ ጋር ባላትማት ወይ ፍንክች! ደም በደም ሆነች እንጂ አልታጠፈችም።

ጠመንጃውን ወርውሬ፣ ከአምላኬ ጋር ልጣላ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቅጽሩ በር ላይ ስደርስ ግን እጄ በልማዷ ወደ ግንባሬ ወጣች። ሲያማትቡ አመልካች ጣት ቀጥ ይላል። እጄን አየኋት።

ለማማተብ ምንም አልጎደላትም።